ለክረምት ሥልጠና ወደ ተራራ ለምትወጣው ወንድም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ማታ አንብቤው ሳልመልስ ተኛሁ፤ ጠዋት ደግሜ አነበብኩት። ያልከው ይህን ነው፦ «በመጪው ክረምት አምባሰል ውስጥ በአንድ ደብር ለሁለት ወር የተተኪ መምህራን ሥልጠና ልገባ ነው። ስጸልይ ግን ምንም አይሰማኝም። እዚያ የነበራችሁ እምነታችሁ እንዴት ሆነ? እዚያም ምንም ካልተሰማኝ ትቼ ልመለስ?»

«ሂድ ብቻ፣ ጸጋው ራሱ ይስብሃል» ብሎ ማለፍ ይቀለኝ ነበር። ግን ለእኔም እንዲሁ ብለውኝ ሄጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን ስከስስ ስለከረምኩ፣ የሆነውን እንዳለ ልንገርህ።

የሄድኩት በ2007 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያን ጊዜ 26 ዓመቴ ነበር፤ ደሴ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ፣ መዝሙር ሲጀመር ዕንባዬ የሚቀድመኝ ሰው ነኝ። ከተማ ውስጥ እንዲህ ከሆንኩ ተራራ ላይማ ምን ልሆን ነው ብዬ ነው ሻንጣዬን ያሰርኩት።

በመንገዳችን ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስን ተሳለምን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ተምረው የመነኮሱበት ገዳም ነው። እኔ ውሃው ዳር ቆሜ «አሁን አንድ ነገር ይሰማኛል» እያልኩ ስጠብቅ ነበር። አጠገቤ የነበረ ልጅ ያለቅሳል። እኔ የማስበው አዲሱ ጫማዬ እግሬን እንደላጠኝ ነው። ሳይሰማኝ ወጣሁ። ከውጫሌ በኋላ ወደ ላይ ያለውን በእግር ጨረስነው።

መርሐ ግብሩን ጠይቀህ ስለምትደርስበት በአጭሩ ልለፈው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደወል፣ ኪዳን የሚባለው የንጋት ጸሎት፣ ከዚያ ግእዝ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ የስብከት ዘዴ፣ ከሰዓት የቅዳሴ ተሰጥኦ። ማታ ዳዊት። የምንተኛው ጭድ በተነጠፈበት አዳራሽ ነው፤ ቁንጫው አይጣል ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከአሠልጣኞቻችን አንዱ በጉባኤ መካከል «ዕንባ የሌለበት ጸሎት ከጣራ አያልፍም» አሉ። ቅን ሰው ናቸው፤ እኛን ለማትጋት ብለው ነው። ግን ያቺ ቃል እንደ እሾህ ነው የገባችብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪዳን ላይ ቆሜ የማደርገው ጸሎት አልነበረም፤ ዓይኔ ረጥቧል አልረጠበም እያልኩ ራሴን መሰለል ነበር። አንድ ሌሊት ሆን ብዬ የሞተች እህቴን አስቤ አለቀስኩ። ዕንባው መጣ፤ ወዲያው አፈርኩበት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለአንተ የምነግርህ አንተም እዚያ ብትደርስ ብቻዬን ነኝ እንዳትል ነው።

በዚያው ሰሞን አብሮን የነበረ አንድ ወንድም እቃውን ሰብስቦ ወረደ። ብዙዎች «ፈተና ጣለው» አሉ። እኔ እስከ ዛሬ እንደዚያ አላምንም። ከሁላችን ይልቅ እሱ ነበር ለሌሊቱ ጸሎት ቀድሞ የሚነሣው።

ደብሩ የአብነት ትምህርት ቤት አለው። ዋድላ ወርደው ቅኔ የተማሩ የኔታ ነበሩ፤ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች በየጎጇቸው ሆነው ይቀጽላሉ። ለእኛ ቀለብ ከደሴ ይላክልናል። የኔታ ግን «አብረው የሚማሩ አብረው ይለምኑ» ብለው በሳምንት አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር ቁራሽ እንድንወጣ አዘዙ። እኔ የደረሰኝ ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በፍልሰታ ጾም መካከል ነው።

ያን ዓመት ታስታውሰዋለህ። በልጉ ቀርቷል፤ ክረምቱም ዘግይቶ ነው የጀመረው፣ ከጀመረም በኋላ ይቆራረጣል። በአገር ደረጃ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ እስኪፈልግ ድረስ ያደረሰው ድርቅ መነሻው ነው። እኛ የወጣንባቸው ማሳዎች ላይ ጤፉ ብቅ ብሎ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። ከእነዚህ ሰዎች ደጅ ነው ቁራሽ የምለምነው።

አብሮኝ የወጣው ልጅ 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ ከፊቴ ይሄዳል። «ጋሼ፣ ውሻ ሲመጣ አይሩጡ፤ ዱላውን መሬት ለመሬት ይጎትቱት» ይለኛል። የመጀመሪያው አጥር ጋር ስንደርስ «እርስዎ ይበሉ» አለኝ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት ነው የሚጠበቅብኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ደመወዝተኛ ነኝ፤ ሰው ቤት ደጅ ቆሜ ስለ እንጀራ ጮኬ አላውቅም። ልጁ ጠብቆኝ ጠብቆኝ እሱ ጮኸ።

አራተኛው ወይም አምስተኛው ቤት ላይ ግን እኔው ጮህኩ። የወጡት ሴት ሻሻቸውን እስከ ደረታቸው የጣሉ፣ ሙስሊም እናት ናቸው። ቤት ተሳስተን ነው ብዬ ወደ ኋላ ማለት ስጀምር ልጁ ንቅንቅ አላለም፤ ያውቃቸዋል። «ቆዩ» ብለው ገቡና አንድ ቂጣ ይዘው ተመለሱ። የገብስ ቂጣ ነው፣ ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ። እኛ ፊት ቆመው ለሁለት ገመሱት። እኩል አልተገመሰም። ሁለቱን ቁራሽ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ቤት ውስጥ ዞር ብለው አዩ፤ በሩ ላይ ሁለት ሕፃናት ተጠግተው ቆመዋል። ከዚያ ትልቁን ለእኛ ሰጡን።

«ጾማችሁ ገብቷል አይደል? አብሽር፣ ቅቤ አልነካውም» አሉ። እኔ እንዳመነታሁ ሲያዩ «የመርየምን ስም ጠርታችሁ እንዴት ባዶ እጃችሁን ትሄዳላችሁ፣ የኔ ልጅ? ብቻ ለዝናቡ እናንተም ዱዓ አድርጉ። እኛም ዛሬ ማታ ለዱዓ ተሰብስበን ወዳጃ እንቀመጣለን።»

ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። እኔም ያደግኩት የሰርጉም የለቅሶውም ድንኳን አንድ በሆነበት ሰፈር ነው፤ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ሁልጊዜ ጠግቤ፣ እኩል ሆኜ ነው የማውቀው። ርቦኝ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ከልጆች አፍ ከተቀነሰ ላይ ስቀበል የመጀመሪያዬ ነው። ከአጥሩ ራቅ ስንል ልጁ ቂጣውን አኩፋዳው ውስጥ ከተተ። ቅዳሴ ሳይወጣ አንበላም። መንገዱን ሙሉ ጠረኑ ይመጣብኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ወጥተን የለመንነውን አንድ ላይ አድርገን በላን። ከዚያ ወደ የኔታ ሄድኩ። ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«የኔታ፣ ጸሎቴ ደርቋል» አልኳቸው። «ከመጣሁ አንድ ቀን እንኳ አልተሰማኝም። ይሄው ወር ሆነኝ።»

«ዛሬ ምን በላህ?»

«ልጁ ያመጣውን... የለመንነውን።»

«ርቦህ ነበር?»

«በጣም።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ ‹ነፍሴን ውሰድ› ሲል ምን ላከለት?» አሉኝ። መልሱን ባውቅም አፌ ላይ አልመጣም። «ስብከት አልላከለትም፣ አንተ ልጅ። እንጎቻና ውሃ ነው የላከለት። በልቶ ጠጥቶ ደግሞ ተኛ፤ መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ ‹የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ› አለው። አንተም በልተሃል። አሁን ሂድና ዳዊትህን ድገም። ተሰማኝ አልተሰማኝ የምትለውን ለእኔ ተወው፤ እኔ አስብልሃለሁ።»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ተማሪዎቹ አዞሩ። አንድ ትንሽ ልጅ ጉባኤ ቃናውን፣ ያቺን ሁለት ቤት ያላትን አጭር ቅኔ፣ ሊቆጥርላቸው ከጎናቸው ተንበርክኮ ነበር።

ያን ማታ ዳዊቱን ያዝኩ። ምንም የተለየ ነገር አልተሰማኝም፤ እውነቱን ነው የምነግርህ። ነገር ግን ራሴን መሰለሉን ተውኩት። ቃሉን ብቻ አልኩት፣ ልጁ አጥር ጋር ቆሞ እንደሚለው። የዚያ ጉልበቱ ሲገባኝ ቀናት ወስዷል፦ ደጅ የቆመ ተማሪ «በእንተ ስማ» ሲል ቃሉ ይሰማዋል ወይስ አይሰማውም ብሎ የሚጠይቀው የለም። ርቦታል፤ ይላል፤ ይጠብቃል።

ስለ ምህላው ሳልነግርህ ማለፍ አልፈልግም። ሱባኤው በገባ በሳምንቱ ለዝናቡ ምህላ ታወጀ። ሕዝቡ ሁሉ ከሥራ ውሎ ማታ ማታ ይሰበሰባል፤ ታቦቱ ይወጣል፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ እየተባለ ይደገማል። ካህኑም ገበሬውም ግንባሩን መሬት እየደፋ ነው የሚለምነው። በዚያኛው ጋራ ላይ ደግሞ ሙስሊሞቹ ልጆቻቸውን ይዘው ዱዓ ይወጣሉ። ነፋሱ ሲመችህ የሁለቱንም ድምፅ ትሰማለህ።

ዝናቡ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አላካፋም፤ በአምስተኛው ደመናው ተሰብስቦ ነፋስ በተነው። እኔ ተቆጣሁ። ለራሴ አለመሰማቱን ችዬው ነበር፤ ያቺ እናት የገመሱት ቂጣ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። አጠገቤ ሁልጊዜ የሚቆሙ አንድ አባት ነበሩ፤ እጃቸው እንደ ማረሻ እጀታ የደረቀ። በስድስተኛው ቀን ከምህላው ስንወጣ «አባቴ፣ ካልመጣስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ አንድ ጎረቤታቸው ዞረው «ነገ የሽምብራ ዘር ታበድረኛለህ?» አሉት። ከዚያ ለእኔ «ጤፉ ከሄደ ሽምብራ ገና ጊዜ አለው። መለመን የእኔ ነው፤ የእሱን ለእሱ ትቼዋለሁ» አሉኝ። ያን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ኩርፊያ አልነበረም። በእግዚአብሔር ተስፋ የቆረጡ አይመስሉም፤ ደግሞም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ያየሁት ትልቁ እምነት ይሄ ነው፤ ከራእይና ከሕልም በፊት የማስቀምጠው። (ራእይ አየን ያሉ ጓደኞች ነበሩን። አልዋሹም ብዬ አምናለሁ፤ ለእኔ ግን አልተሰጠኝም።)

ነሐሴ 12፣ በቡሄ ዋዜማ ዘነበ። ብዙ አልነበረም። ችቦውን ያጠፋ፣ ልጆቹን ሆያ ሆዬ እያሉ ያሯሯጠ አንድ ሰዓት የማይሞላ ዝናብ ነው። የዚያ ዓመት ሙልሙል መዳፌን አያክልም ነበር፤ ግን ወደ ደጃቸው ለሄዱ ልጆች ሁሉ ሰጡ። ያ ዝናብ ምህላውን የመለሰ ነው ብዬ ልንገርህ አልችልም፤ ለጤፉ ዘግይቷል። ያ የሽምብራ ማሳ ግን ረጥቧል። እኔ ያን ሌሊት ቆሜ አለቀስኩ። ዕንባው ሲወርድ ገና ነው ያወቅኩት፤ ጉንጬ ላይ ዝናቡም ስለነበረ።

ከወረድኩ በኋላ የሆነውንም ልንገርህ፤ አብዛኛው ሰው ይህን አይነግርህም። ደሴ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የሌሊት ጸሎቴ ፈረሰ። ሥራ፣ ድካም፣ ስልክ። አዘንኩ። የቀረኝ የዕለት ዳዊት ነው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30 እያሉ ቅዳሜ 150 ላይ የሚጨርሱትን። እሱንም ሙሉውን አልችልም፤ ዓርብ ግን አላጎድልም። የዓርቡ ከ111 እስከ 130 ሲሆን 120ኛው መዝሙር እዚያ ውስጥ ነው፦ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ሕፃናት ይመጡብኛል።

በጥር ተመልሼ ሄጄ ነበር። ለእኚያ እናት ዱቄትና ስኳር ይዤላቸው ሄድኩ። ቡና ሳያፈሉልኝ አልለቅም አሉ፤ ሦስተኛው ድረስ ተቀመጥኩ። የኔታንም አገኘኋቸው፤ «ያ የደረቀው ልጅ መጣ» ብለው ሳቁብኝና አቀፉኝ።

እና «ካልተሰማኝ ልመለስ?» ላልከው፦ በዚህ ምክንያትስ አትመለስ። ከታመምክ፣ ቤትህ ከፈለገህ ተመለስ፤ ማንም ምንም ቢልህ አትፈር። ምንም ስላልተሰማህ ብለህ ግን አትመለስ። ያስጨነቀህንም ብቻህን አትሸከመው፤ እኔ ሦስት ሳምንት ደብቄው ነው የተጎዳሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ለንስሐ አባትህ ወይ ለየኔታው ንገራቸው።

ለጉዞህ ወፍራም ጋቢ፣ የለመድከው አሮጌ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ በሶ ያዝ። ለቁራሽ ከልጆቹ ጋር እንድትወጣ ካላዘዙህ ራስህ ጠይቅና አንድ ቀን ውጣ። ዱላውን መሬት ለመሬት ጎትተው።