ለሌሊት ሾፌር ሽጉጥ ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሌሊት ኡበር፣ ማለትም በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ እንደምትነዳና ጓደኛህን በሽጉጥ አስፈራርተው መኪናውን እንደቀሙት ጽፈሃል። «እኔም ሽጉጥ ልያዝ ወይ?» ብለሃል። ፍርሃትህ ይገባኛል። በ2023 ዲሲ ውስጥ ብቻ እንዲህ ያለ ቅሚያ ከ950 በላይ ደርሶ ነበር። እኔ የምኖረው ከዲሲ አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ አውጥቼ ሁለት ዓመት ያህል ሽጉጥ ታጥቄያለሁ። አሁን ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ የድልድዩን ነገር አስብ። ቨርጂኒያን ከዲሲ የሚለየውን የፖቶማክ ወንዝ በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ ትሻገራለህ? የቨርጂኒያን ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አይቀበሉትም። ቨርጂኒያ በኩል ካለው ሮዝሊን የጫንከው ሰው ዲሲ ውስጥ ያለው ጆርጅታውን ውሰደኝ ካለህ፣ ድልድዩን ስታልፍ ወንጀል ውስጥ ገባህ ማለት ነው። ዲሲ ላይ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። የሦስቱንም ፈቃድ ማውጣት ይቻላል፤ የሜሪላንዱ ብቻውን የ16 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ያን ሁሉ ጨርሰህም ኡበርና መሰሉ ድርጅት ሊፍት ሾፌር በሥራ ላይ መሣሪያ እንዲይዝ አይፈቅዱም። ግሪን ካርድ ላይ ከሆንክ ደግሞ እባክህ ቆም በል። በመሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ ከተባልክ ከአገር ሊያስወጡህ ይችላሉ።

ሕጉን እንተወው። አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ ከወንድሜ ጋር በፕላስቲክ መለማመጃ ሽጉጥ ሞከርነው። እኔ መሪው ላይ ቀበቶ አስሬ ተቀመጥኩ። እሱ ከአምስት እርምጃ ላይ እየሮጠ ይመጣል። ቀበቶው ወገቤን ይዞኛል፣ ሸሚዜ ይጠመጠማል፣ ክርኔ ከበሩ ጋር ይጋጫል። ገና ሳላወጣ በሩን ከፍቶ ትከሻዬን ይይዘዋል። አሥር ጊዜ ደጋገምነው። አንዴም አልቀደምኩትም። ዴኒስ ቱለር የሚባል የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ በ1983 እንደጻፈው፣ ስድስት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ የቆመ ሰው በአንድ ሰከንድ ተኩል ይደርስብሃል። የአንተ ተሳፋሪ የተቀመጠው ከማጅራትህ ጀርባ ነው።

አባቴ ገጠር ምንሽር ነበረው። ትከሻው ላይ አገር ያየዋል። የሚያስፈራውም ስለሚታይ ነበር። እዚህ በሸሚዝ የሸፈንከውን ማን ያየዋል? የሚታየው ስትመዘው ነው፤ ያኔ ደግሞ የሌባው ሽጉጥ ቀድሞ ተደግኗል። ተኩስ ከተጀመረ የሠለጠነም ይስታል። የኒውዮርክ ፖሊሶች ከ1998 እስከ 2006 በተኩስ ልውውጥ ውስጥ ከ100 ጥይት ዒላማውን የመቱት በ18ቱ ገደማ ነው።

እኔን ያስተወኝ ግን ይህ አልነበረም። አንድ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት በድካም ሞቼ ቤት ገባሁ። ሽጉጡን ካዝናው ውስጥ ሳልቆልፈው፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ተኛሁ። ባለቤቴ ዳቦው አጠገብ አገኘችው። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ቁርስ ልትበላ ወንበር እየሳበች ነበር። ባለቤቴ አልጮኸችም። መጥታ ቀሰቀሰችኝና እጇ ሲንቀጠቀጥ አሳየችኝ። በዚያው ሳምንት ሸጥኩት።

አሁን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የሚቀርጽ ካሜራ አለኝ። ተሳፋሪ ስጠብቅ በሩ ተቆልፎ፣ ማርሹ ገብቶ ነው። ፊት ለፊት መውጫ የሌለው ቦታ አልቆምም። ቁልፉን ካሉኝ ቁልፉን እሰጣለሁ፤ እጄን እያሳየሁ እወርዳለሁ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ የማደርገውም ለዚሁ ነው፤ መኪናው ላይ ከተሰቀለ አብሮ ይሄዳል። ኢንሹራንስህ ለኡበር ሥራ የሚሆን መሆኑን ዛሬውኑ ደውለህ ጠይቅ። ካሜራውን ከገዛህ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ና፣ እኔው እገጥምልሃለሁ።