ብዙ ሰው በሚጋራው ሰርቨር ላይ ሰቲዩአይዲ በየትኞቹ ትእዛዞች ላይ ይቆይ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰቲዩአይዲ የሚባለው ነገር ከመጀመሪያው ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ሰቲዩአይዲ በሊኑክስና በዩኒክስ ላይ አንድን ፕሮግራም ማንም ቢያስነሳው በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ የፈቃድ ምልክት ነው። የይለፍ ቃልህን ስትቀይር ምን እንደሚሆን እናስብ። የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል ተመስጥሮ የሚቀመጠው ሻዶ በሚባለው ፋይል ነው። እዚያ ላይ መጻፍ የሚችለው ሩት፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት ብቻ ነው። አንተ ግን ሩት አይደለህም። ስለዚህ የይለፍ ቃል የሚቀይረው ፓስውድ የተባለው ትእዛዝ አንተ ብታስነሳውም በሩት ሥልጣን ይሠራል። ፋይሎችን በሚዘረዝረው በኤልኤስ ትእዛዝ ስታየው የባለቤቱ የማስነሻ ፈቃድ ኤክስ በነበረበት ቦታ ኤስ ተቀምጣለች፤ ሰቲዩአይዲ ቢት የምንላት እሷ ናት። ዘዴውን የፈጠረው ዴኒስ ሪቺ ነው፤ ፓተንቱም እ.ኤ.አ. በ1979 ጸድቋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለተራ ተጠቃሚ የግድ የሚያስፈልገው የቱ ነው?

መልስ፦ አካውንቶቹ እዚያው ማሽን ላይ ከሆኑ ፓስውድ የግድ ነው። በሩት ሥልጣን ለመሥራት የሚያገለግሉት ሱ እና ሱዱ የአስተዳዳሪ ዕቃ ናቸው፤ ለአንድ ግሩፕ ብቻ ክፈታቸው። ሼል (ትእዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም) መቀየሪያውን የሚጠይቅህ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ቢቱን አንሳበት።

ጥያቄ፦ ፒንግስ?

መልስ፦ ፒንግ ሌላ ማሽን መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚሞክር ትእዛዝ ነው። ድሮ ጥሬ ሶኬት (የኔትወርክ መልእክቶችን በቀጥታ መላኪያ) ለመክፈት ሩት መሆን ነበረበት። አሁን ብዙ ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ስሪቶች) ላይ ያለዚያ ይሠራል።

ጥያቄ፦ እኔ ሁሉንም ባነሳቸውስ? ምን ይጎዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ እንዳታደርጊው። እኔ አንድ ጠዋት ከክሮንታብ፣ ተጠቃሚዎች ሥራ በሰዓት ከሚይዙበት ትእዛዝ ላይ፣ የግሩፕ ፈቃዱን (በግሩፕ ሥልጣን የሚያሠራውን የሰቲዩአይዲ አቻ) አነሳሁ። ቀድሞ የተያዙት ሥራዎች ሌሊት ሌሊት መሮጣቸውን ቀጠሉ፣ እኔም ሰላም ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ አንድ ተመራማሪ የራሱን ሥራ ማስቆም አቅቶት ዲስኩ እየሞላበት ነበር። ከማንሳትሽ በፊት ተጠቃሚዎችሽን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ማንም ካልነካቸው ቢቀመጡ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሌላ ትእዛዝን በሩት ሥልጣን የሚያስነሳውን ፒኬኤግዜክን ውሰድ። ብዙ ሰርቨር ላይ ማንም አይጠቀምበትም፣ ግን አብሮ ይጫናል። ከ2009 ጀምሮ ውስጡ የነበረ ስህተት ይፋ የወጣው በጃንዋሪ 2022 ነው። ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ሩት ይሆንበት ነበር። ቢቱን ቀድሞ ያነሳ ሰው ያን ቀን አልተነካም። ሱዱም ላይ እንዲሁ ከ2011 እስከ 2021 የተደበቀ ስህተት ነበር።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ፋይል በሚፈልገው በፋይንድ ትእዛዝ ፐርም 4000 (የሰቲዩአይዲ ቢት ቁጥር) ያላቸውን ፋይሎች ፈልግና ዝርዝሩን አስቀምጥ። ከእያንዳንዱ አፕዴት በኋላ ድገመውና አስተያይ፤ ፓኬጁ ሲታደስ ያነሳኸውን ቢት መልሶ ያመጣዋል። ዴቢያን በተባለው ዲስትሮ ላይ ከሆንክ ውሳኔህን የፋይል ፈቃድ ለውጥን በሚያስታውሰው በስታት ኦቨርራይድ መዝግበው፣ ያኔ አይመለስም።