ቁልቢን በእግር ወይስ በመኪና?

ጥያቄ፦ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ በእግሬ ልሄድ ተስያለሁ። ባለቤቴ ግን «መኪና እያለ እግርን ማድማት ጽድቅ አይሆንም፤ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ይለኛል። ማነው ልክ? ከሄድኩስ እንዴት ልዘጋጅ? (አንባቢ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የባለቤትዎ አባባል ግማሹ እውነት ነው። በመኪና የሄደ ሰው ከንግሡ በረከት አይጎድልበትም። እርስዎ ግን «በእግሬ» ብለው ተስለዋል። ዘዳግም 23፥21 ስእለትን ለመክፈል እንዳንዘገይ ያዛል፤ ቁጥር 22 ደግሞ ባንሳል ኃጢአት እንደማይሆንብን ይናገራል። ማንም ሳያስገድድዎ የገቡበት ቃል ነውና ምቾት ስለጎደለው ብቻ አይተውት። ዳዊት ኢያቡሳዊው ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ሊሰጠው ሲል እምቢ ብሎ በ50 ሰቅል ብር ገዝቷል (2ኛ ሳሙኤል 24)፤ ምንም ያላወጣበትን መሥዋዕት ማቅረብ አልፈለገምና። ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡ ምእመናንን አይተው ይሆናል። ያልተሳሉትን ሸክም እርስዎ አይጨምሩ፣ የሚጎዳው ጉልበትዎን ነው። ለመሳፈሪያ ያወጡት የነበረውን ብር ግን ኪስዎ አያስቀሩት፤ ለነዳያን ይስጡት።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ከድሬዳዋ ቁልቢ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢራመዱ፣ ዕረፍቱ ሳይቆጠር ከ15 ሰዓት ያልፋል። ለሁለት ቀን ይክፈሉት፤ ታኅሣሥ 17 ተነሥተው በ18 ማታ ለዋዜማው ይድረሱ። የሚፈትነው የደንገጎ ዳገት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደንገጎ ሲደርሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ነዎት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከተነሡ ፀሐይዋ ሳትከር ብዙውን ይጨርሱታል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ሜዳው ላይ ሮጥ ሮጥ ብሎ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ነው።

አዲስ ጫማ አይግዙ፤ ከገዙም ከወር በፊት ገዝተው ይልመዱት። እግር ውሃ የሚቋጥረው ላብ ያራሰው ቆዳ ከካልሲው ጋር ሲፋተግ ነው። ስለዚህ ሦስት ካልሲ ይያዙና በየሁለት ሰዓቱ ይቀይሩ። ተረከዝዎ ማቃጠል ሲጀምር ወዲያው ቁመው ፕላስተር ይለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ አያፍርጡት፣ ቁስሉ ያመረቅዛል።

ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ስንቅዎ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ተምር ይሁን። በላብ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጨውም አብሮ ይወጣል፤ ባዶ ውሃ ብቻ የጠጣ ሰው የሚያዞረው ለዚህ ነው። በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው (ማንኪያውን ሳይከምሩ፣ ሁለቱንም ልክ አድርገው) በጥብጠው ይያዙ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ዳገቱን ያለ ውሃ ስለመውጣት ከመነሣትዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ከድሬዳዋ ሙቀት የሚነሣ ሰው ጋቢ ይረሳል። ቁልቢ በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ በላብ የራሰ ልብስ ለብሶ ውጭ ያደረ ሰው ታሞ ይመለሳል። ሲደርሱ የውስጥ ልብስዎን ሳይቀር ይቀይሩ። በጨለማ ሲጓዙ የመንገዱን ግራ ይያዙ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና ያዩታል። ነጠላዎን ከላይ ይደርቡ፣ ባትሪም አይለይዎ።

ጥያቄ፦ እናቴ በእግሯ ቁልቢ ልትሄድ ከተሳለች በኋላ ስኳር ታመመች። ስእለቱን ማስቀረት ትፈራለች። (አንባቢ፣ ከሐረር)

መልስ፦ በእግራቸው አይሂዱ። የስኳር ሕመምተኛ እግር ሲላጥ ላይሰማው ይችላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ዘሌዋውያን 27፥8 የተሳለው ሰው አቅም ቢያጣ ካህኑ እንደ ችሎታው እንዲገምትለት ያዛል። ስለዚህ እናትዎ በራሳቸው ከመተው ወደ ንስሐ አባታቸው ቀርበው ይንገሯቸው፤ በመኪና ሄደው ጧፍና ዕጣን እንዲያስገቡ ወይም ሌላ የሚችሉትን እንዲያደርጉ ይመክሯቸዋል። ስለ ጾሙም በዚያው ይጠይቁ፤ መድኃኒት የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪም አጽፈው ይዘው ቢቀርቡ ንግግሩ ይቀላል።