«ከዳንኩ እህቴን እረሳታለሁ ወይ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ እህቴ እየነዳች፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ስንሄድ ከፊት ለፊት የመጣ መኪና ገጨን። እኔ ክንዴ ተሰብሮ ተረፍኩ። እሷ እዚያው አረፈች። ያን ቀን እንድታደርሰኝ የለመንኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የፍሬን ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴ ድርቅ ይላል። ከእግሯ የወለቀው አንድ ጫማ አሁን የወደቀ ያህል ይታየኛል። በቅርቡ አንድ ሐኪም «የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና» እንድሞክር መከረኝና ቀጠሮ ያዝኩ። ባለቤቴ ግን «አፍዝዘው ሊያስለፈልፉሽ ነው» ብሎ ሰጋ። እኔም ቸኩዬ ወዲህ ወዲያ የሚሄድ ነጥብ ያለበት ቪዲዮ ከስልኬ ከፍቼ ብቻዬን ሞከርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። እውን ይህ ነገር ይሠራል? ሁሉንም መናገር አለብኝ? ለማንም ያልነገርኩት ፍርሃትም አለኝ። ያ ሥዕል ከጠፋልኝ፣ እህቴም አብራ ትጠፋብኝ ይሆን?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዜር ያጽናሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጨረሻ ላይ ካስቀመጥሽው ጥያቄ ልጀምር፤ የከበደሽ እሱ ይመስለኛል።

አትረሺያትም። ይህን የምልሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ይህን ሕክምና ስንሠለጥን እርስ በርሳችን እንለማመድ ስለነበር፣ በታካሚው ወንበር ተራዬ ደርሶ ተቀምጫለሁ። ይዤው የገባሁት የአባቴን መርዶ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስልክ ጮኸ። አንስቼ «አቤት» ስል አንድ የዘመድ ድምፅ «ልብስሽን ልበሺና ነይ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ለ11 ዓመት በምሽት ስልክ በጮኸ ቁጥር ሆዴ ይቆረጥ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን አባቴን ላስብ ስል የሚመጣልኝ ያ የስልክ ጩኸት መሆኑ ነው። አባቴ ከጩኸቱ ጀርባ ተደብቆ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን፣ ዓይኔ የአሠልጣኛችንን ጣት እየተከተለ ሳለ ድንገት አንድ ነገር መጣልኝ። አባቴ ማታ ማታ የእጅ ሰዓቱን ሞልቶ ጆሮው ላይ እያስጠጋ ያዳምጥ ነበር። ያንን ለዓመታት አላስታወስኩትም። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ ግን ሆዴ አልቆረጠኝም። ዛሬም ለአባቴ አለቅሳለሁ። ስልክ ሲጮህ ግን ስልክ ነው።

ስለዚህ ሕክምናው ትዝታ አይሰርዝም። ኀዘንንም አያጠፋም፤ ኀዘን የፍቅር ዕዳ ነው፣ ማንም ሊያነሳልሽ አይገባም። የሚለወጠው «አሁን እየሆነ ነው» የሚለው ስሜት ነው። ያ ጫማ ከሦስት ዓመት በፊት የወደቀ ጫማ ይሆናል።

ወደ ባለቤትሽ ስጋት ልምጣ። ስጋቱ ከፍቅር ነውና አትቆጪው። ይህ ግን ማፍዘዝ አይደለም። ዓይንሽ ተከፍቶ፣ ልብሽ ነቅቶ፣ ክፍሉ ውስጥ መሆንሽን እያወቅሽ ነው የሚሠራው። ገና ሳትጀምሩ የማቆሚያ ምልክት ትስማማላችሁ። እጅሽን ካነሳሽ ይቆማል፣ በቃ። ዝርዝሩን መናገርም ግዴታ አይደለም። ባለሙያው የትኛው ትዝታ ላይ እንዳለሽ ካወቀ፣ ያየሽውን ሁሉ ባትዘረዝሪም ሥራው ይሄዳል። መናገር የሚያንቃቸው ሰዎች በዚህ ሲገላገሉ አይቻለሁ።

ሕክምናው በአጭሩ ኢኤምዲአር ይባላል። የጀመረችው ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 መናፈሻ ውስጥ ስትራመድ፣ ዓይኗ ወዲህ ወዲያ ሲል የሚረብሻት ሐሳብ እንደቀለላት አስተዋለች። በ1989 በ22 ሰዎች ላይ የሠራችውን ጥናት አሳተመች። ያኔ ብዙዎች አላመኗትም፣ አልፈርድባቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ተፈትኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ከአደጋ በኋላ ለሚቆይ ጭንቀት፣ ፒቲኤስዲ ለሚባለው፣ ከሚመክራቸው ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል።

ዓይን ማንቀሳቀስ ምን ያደርጋል? አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ይላል። አእምሯችን አሁን እየሠራበት ያለውን ነገር የሚይዝበት ቦታ ጠባብ ነው። አንቺ ያንን ሥዕል ይዘሽ ዓይንሽ ደግሞ የሚሄድ ጣት ሲከተል፣ ሁለቱ ለዚያች ጠባብ ቦታ ይሻማሉ። ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከደበዘዘ በኋላ እንደዚያው ሆኖ ይቀመጣል። የዓይኑ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። አንዳንዶች ዋናው ነገር ትዝታውን በሰላም ቦታ መጋፈጡ ነው ይላሉ። እኔ ከወንበሩ ሆኜ ያየሁት ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ ነው።

አሁን ስለ ቪዲዮው። ራስሽን አትውቀሺ፤ ሲጨንቅ ሰው የያዘውን ይሞክራል። የጎደለሽ ግን ነጥቡ አልነበረም። በሩን ከፈትሽው፣ አብሮሽ ቆሞ የሚዘጋልሽ ሰው አልነበረም። ሕክምናው ስምንት ምዕራፍ አለው፤ ዓይን ማንቀሳቀስ የሚጀመረው ከአራተኛው ነው። ከዚያ በፊት ባለሙያው ታሪክሽን ይሰማል። ሲከፋ ራስሽን የምትመልሺበትን መንገድ ያስተምርሻል። የሰላም ቦታ የሚሆንሽን ምስል አብራችሁ ትመርጣላችሁ። ቪዲዮው ይህን ሁሉ ዘልሎ ነው እሳቱ ውስጥ የከተተሽ። አደራ፣ ብቻሽን አትድገሚው።

ከዚያ ከሁሉ የከበደውን አንድ ሥዕል ትመርጫለሽ፤ ምናልባት ጫማውን። ከሥዕሉ ጋር ስለ ራስሽ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ይጠይቅሻል። ካንቺ ደብዳቤ ልገምት? «የገደልኳት እኔ ነኝ።» እንደዚያ በግልጽ አልጻፍሽውም፣ ግን «የለመንኳት እኔ ነኝ» ስትዪ ሰማሁት። ምን ያህል እንደሚረብሽሽ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ትሰጪዋለሽ። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጣቱን ትከተያለሽ። ይቆማል፣ ትተነፍሻለሽ። «አሁን ምን መጣ?» ይልሻል። የመጣውን ትነግሪዋለሽ፤ ሥዕል፣ የደረት መጥበብ፣ ንዴት፣ ወይም ምንም። እንደገና። ቁጥሩ እስኪወርድ ይህ ይደጋገማል። ቁጥሩ ሲወርድ ያ የጥፋተኝነት ዓረፍተ ነገር ራሱ መላላት ይጀምራል። ማንም «ጥፋትሽ አይደለም» ብሎ ሳይሰብክሽ፣ ከራስሽ ውስጥ «የሚሆነውን ማወቅ አልችልም ነበር» የሚል ነገር ብቅ ሲል ታዪዋለሽ። ለእኔ በዚህ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ቅጽበት የለም።

አንዱ ቀጠሮ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል። እንዳንቺ በአንድ አደጋ ለተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ቀጠሮ ይበቃል፤ ጉዳቱ ከልጅነት የተደራረበ ሲሆን ይረዝማል። በመሃል ሕልም ሊበዛብሽ፣ እንባ ሊቀርብሽ ይችላል። ባለቤትሽ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ በዚያ ሰሞን ጥያቄ ከማብዛት አጠገብሽ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል። የሚጥል በሽታ ወይም የዓይን ሕመም ካለብሽ ለባለሙያው ንገሪው። በዓይን ፋንታ እጅሽን ቀኝና ግራ እያፈራረቀ በቀስታ መታ መታ ሊያደርግ ይችላል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ የዚያኑ ዕለት ለሰው ተናግረሽ ወደ ሕክምና ሂጂ።

ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቂው። ይህን ሕክምና ለይቶ ሠልጥኗል? ትዝታውን ከመንካታችን በፊት ምን እንሠራለን? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለውና በመጀመሪያው ቀን ቀጥታ ወደ አደጋው ልውሰድሽ ካለ፣ አመስግነሽ ውጪ።

እስከዚያ፣ የፍሬን ጩኸት ሲይዝሽ ሁለት እግርሽን መሬት ላይ አጥብቀሽ አሳርፊ። አጠገብሽ ያሉ አምስት ነገሮችን በስም ጥሪ። የዛሬውን ቀን ድምፅ አውጥተሽ ተናገሪ።

ለቀጠሮሽ ደግሞ አንድ ነገር ይዘሽ ሂጂ። እህትሽ በሕይወት ሳለች የሆነች አንዲት ትንሽ ነገር፤ ስትስቅ፣ ስትቆጣሽ፣ ፀጉርሽን ስትሠራሽ። አሁን ባይመጣልሽም ግድ የለም። ሲመጣልሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።