የክንድ ልኬት፣ የሴፍቲኔት መዝገብና የአማት ቅቤ

የእናቶችንና የሕፃናትን የምግብ ድጋፍ የሚመለከቱ ደብዳቤዎች ስለተጠራቀሙ ዛሬ የምመልሰው ለእነርሱ ብቻ ነው። ቅደም ተከተል አትጠብቁ፤ እጄ እንዳነሣው ነው።

አንዲት የኮምቦልቻ እናት የጎረቤቷ ልጅ ከጤና ጣቢያ በሚሰጠው ፕላምፒ ነት፣ የከሳ ልጅ በሚታከምበት የታሸገ የኦቾሎኒ ምግብ፣ ፊቱ እንደሞላ አይታለች። የእርሷ ልጅ ጤነኛ ቢሆንም «እንዲፋፋ» ከሱቅ ገዝታ ልትሰጠው አስባለች።

አትግዢ። ለታመመ ልጅ በነፃ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ሱቅ ላይ ከተገኘ ከአንድ የከሳ ልጅ ድርሻ ወጥቶ ነው። በገንዘቡ እንቁላል ግዢበት።

ከደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የጻፈችው እናት እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። የ14 ወሩ ልጇ ክንዱ ተለክቶ ቀይ ላይ ስላረፈ በየሳምንቱ የፕላምፒ ነት እሽጉን ስትወስድ ቆይታ፣ አሁን «ድኗል» ተብላ ተሰናብታለች። «በመዳኑ ተቀጣሁ፤ ተመልሶ እስኪከሳ ልጠብቅ ወይ?» ትላለች።

አትጠብቂ፣ እህቴ። ምሬትሽ ይገባኛል፤ ያሰናበቱሽ ባለሙያዎች ግን የታዘዙትን ነው የሠሩት። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ባለ ሦስት ቀለም መለኪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። አንዷ እሽግ 92 ግራም ሆና 500 ካሎሪ ይዛለች፤ ብዛቷም በልጁ ክብደት ይታዘዛል። ልጁ በሁለት ተከታታይ ቀጠሮ አረንጓዴ ላይ ካረፈ ሕክምናው ያበቃል። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለም።

የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁን ያከሳው ጓዳ እንደነበረ ቆሟል። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ በር ላይ አንዲት እናት የእሽጉን ጫፍ በጥርሷ ቀድዳ ግማሹን ለታማሚው፣ ግማሹን ለታላቁ ስትጨምቅ አይቻለሁ። ነርሷ ተቆጣቻት። እናትየዋ መልስ አልሰጠችም፤ ታላቁ ጣቱን ይልሳል። ነርሷም እውነቷን ነው፣ መጠኑ ለአንድ ልጅ የታዘዘ ነው፤ እናትየዋ ግን ሁለት ልጅ ነው ያላት። ጤና ጣቢያው የሚያየው የልጁን ክንድ ነው። ጓዳውን ማየት የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ሆኗል፤ በሁለቱ መካከል የምትመላለሰው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ሁለቱንም በር አንኳኪ። የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የድሆች ድጋፍ በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች፤ መሥራት ለሚችሉ በሥራ፣ ለማይችሉ በቀጥታ ድጋፍ ይከፍላል። ወደ ቀበሌሽ ስትሄጂ የልጁን የሕክምና ካርድ ያዢ፤ የምዝገባው ጊዜ መቼ እንደሆነ ጠይቂ፤ «ሞልቷል» ካሉሽ ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴው በጽሑፍ አመልክቺ። ገጠር ያለች ዘመድ ካለችሽም ይህን ንገሪያት፦ በገጠሩ ሴፍቲኔት የታቀፈች ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ እናት ከልማት ሥራው ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ መዛወር መብቷ ነው፤ እንድትቆፍር የሚያስገድዳት መመሪያ የለም። በምግብ እጥረት የታመመ ከ5 ዓመት በታች ልጅ የምታስታምም እናትም እንዲሁ።

ጤና ጣቢያውንም አትተዪው፤ ክብደቱን በየወሩ አስመዝኚ፣ ቫይታሚን ኤ በየ6 ወሩ አስወስጂ። መለኪያው መክሳትን እንጂ መቀንጨርን፣ ማለትም ቁመት ለዕድሜ ማነሱን፣ አያሳይም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. እዚሁ ክልላችን ባለችው በሰቆጣ ስም በተጠራው ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገብቷል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 41 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የቀነጨረ ልጅ ክንዱ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ክንድ ሲቀላ ብቻ የሚከፈት በር ይህን ቃል አያስፈጽምም።

ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጻፈችው ወጣት ከ3 ወር በኋላ ወደ ፋብሪካው ትመለሳለች፤ ጡት ልታስጥል አስባለች።

አታስጥዪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ቀድሞ ከወሊድ በኋላ 60 ነበር። ጤና ጥበቃ «እስከ 6 ወር ጡት ብቻ» ሲል፣ አዋጁ ከ3 ወር በኋላ ማሽን ላይ ይመልስሻል። ሂሳቡን ያልገጠሙት እነርሱ ናቸው፤ ክፍተቱን የምትሞዪው አንቺ ነሽ። ወተትሽን በንጹሕ እጅ አልበሽ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፤ እስከ 25 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ 4 ቀን ይቆያል። የኮምቦልቻ ቀትር እንደ ደሴ ስላልሆነ ያለ ማቀዝቀዣ 4 ሰዓቱን አትመኚ። ከጡጦ ይልቅ በኩባያ ይሰጠው፤ ለመታጠብ ይቀላል። ማታና ሌሊት አጥቢው።

አንድ አባት የ2 ዓመት ልጁ እግሩ አብጧል፣ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ምግብም እምቢ ብሏል። ጎረቤት «ወፈረ» ብሎታል።

ወንድሜ፣ ይህን እንዳነበብክ ልጁን አቅፈህ ውጣ። የሁለቱም እግር እብጠት ክንዱ አረንጓዴ ቢሆንም እንኳ የከፋ የምግብ እጥረት ምልክት ነው፤ መብላት ካቃተው ደግሞ ተኝቶ መታከም አለበት። ነገ አትበል፤ ጸበሉም ዱዓውም ከሐኪም በኋላ ይደርሳል።

አንዲት አማት አዲስ ለተወለደ የልጅ ልጃቸው ቅቤ ማቅመስ ለምን እንደተከለከለ ይጠይቃሉ።

እናቴ፣ ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉት። ለሕፃኑ የመጀመሪያው ቢጫ እንገር ይበቃዋል።

ነፍሰ ጡር ሆና ልጹም ወይስ ልተው ያለችን ለንስሐ አባቷ ወይም ለሼኋ ትንገር፤ ሁለቱም ቤት ለነፍሰ ጡር ማቅለያ አላቸው። ሐኪምሽንም ጠይቂ።

ሌላዋ የደሴ አንባቢ አሜሪካ ያለች ነፍሰ ጡር እህቷ «ዊክ» የሚባል ድጋፍ መቀበል ነውር መስሏታል።

ምን ነውር አለው? እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 በሙከራ፣ በ1975 በቋሚነት የተቋቋመ የመንግሥት ፕሮግራም ነው፤ የሚመራውም በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ነው። ነፍሰ ጡሮችን፣ የወለዱ እናቶችንና 5 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ይይዛል፤ የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት ወለሉ 185 በመቶ እስካላለፈ ድረስ። ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ በካርድ ይሸመትበታል። ያላጠባች እናት እስከ 6 ወር፣ የምታጠባ እስከ 1 ዓመት ታገኛለች። የምቀናው በአንድ ነገር ነው፦ እዚያ ባለሙያው የሚያጣራው የምግብ እጥረት ስጋቱን ነው፤ ክንድ እስኪቀጥን አይጠበቅም። ዝርዝሩን እዚያው በአካባቢዋ ያለው ቢሮ ይንገራት።

የመጨረሻዋ ጠያቂ የአይረን እንክብሏን ከቡና ጋር ትውጣለች።

በውኃ ይሁን። ቡናና ሻይ አይረኑ እንዳይሠርጽ ያግዱታል፤ ከአቦሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ዋጪው።