ቶዮታ ዲኤክስ ላይ 4ኤ-ጂኢ ሞተር ያስገባችሁ፣ የአዲስ ሞተር ታይሚንግ ላይ ያላችሁን ጠይቁ

ጋሽ ካንዴላ፦ ሰላም ልጆች። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ስለ ታይሚንግ ደወለልኝ፣ ስለዚህ እዚሁ አንድ ላይ እንጨርሰው። ታይሚንግ ስል ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ነው፣ በዲግሪ የሚለካው። የማወራው ስለ ቶዮታው 4ኤ-ጂኢ ነው፣ ባለ 16 ቫልቩ፣ በዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው) የሚሰራው። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ቲዲሲያችሁን (ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ የሚደርስበትን ነጥብ) ራሳችሁ አረጋግጡ። ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ፑሌጃ ላይ ያለችውን ምልክት አይታችሁ ብቻ እንዳትመጡ።

የሳሪስ ልጅ፦ ጋሼ እንደምን ነህ፣ ሞተሬ ትናንት ተነሳ። ፒስተን አዲስ፣ ሪንግ አዲስ፣ ቴስታታም ተላጭቷል። ስንት ዲግሪ ላርገው? ቤንዚን ስሰጠው ትንሽ ጭር ጭር የሚል ድምፅ አለው፣ ቤንዚኑ ይሆን እንዴ?

ጋሽ ካንዴላ፦ ፋብሪካው ያለው 10 ዲግሪ ከቲዲሲ በፊት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አይድል ላይ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ዲያግኖሲስ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 በሽቦ ተገናኝተው። ሽቦውን ሳታገናኝ ብታነብ ኢሲዩው (የሞተሩ ኮምፒውተር) የራሱን አድቫንስ፣ ማለትም እሳቱን ማስቀደሙን፣ ጨምሮ ነው የሚያሳይህ፣ አንተ ዲስትሪቢዩተር ታዞራለህ እሱ ይመልስብሃል፣ ሙሉ ቀን ስትባረሩ ትውላላችሁ። ሽቦው ገብቶም ካልወረደልህ ቲፒኤሱን (የስሮትሉን መከፈት የሚያነበውን ሴንሰር) እይ፣ አይድል ኮንታክቱ ካልዘጋ ኢሲዩው ወደ ቤዝ፣ ምንም ሳይጨምር ወዳለው መነሻ ታይሚንግ፣ አይመለስም። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ደህናውን ዲስትሪቢዩተር እንደጣለ። ቴስታታ ተላጭቷል ካልክ ደግሞ ኮምፕሬሽንህ ጨምሯል፣ ስለዚህ ከ10 በላይ እንዳትሞክር። ጭር ጭሩን በተመለከተ እግርህን አንሳ፣ ቲዲሲህንም አረጋግጥ።

ሜሪ 16ቫልቭ፦ ጋሼ ይሄ ቲዲሲ አረጋግጡ የምትለው እንዴት ነው? ምልክቱ እኮ ከፋብሪካ የመጣ ነው።

ጋሽ ካንዴላ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ፑሌጃው አንድ ብረት አይደለም እህቴ፣ መሃሉ ላይ ጎማ አለው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የኖረ ጎማ ይለቃል፣ የውጪው ቀለበት ይዞራል፣ ምልክቷም አብራ ትሄዳለች። የታይሚንግ ላይቱ 10 ይልሻል፣ እውነቱ 15 ሊሆን ይችላል። ሶማሌ ተራ ከሌላ ሞተር ተፈትቶ የተገዛ ፑሌጃ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትመኚው። አሮጌ ካንዴላ ወስደሽ ሸክላውን ሰብረሽ አውጪ፣ በውስጡ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ብሎን አስበይጂበት። አንደኛው ሲሊንደር ላይ እሰሪውና ሞተሩን በእጅ በቁልፍ ቀስ ብለሽ አዙሪ፣ ፒስተኑ ነክቶ ሲቆም ፑሌጃው ላይ ምልክት አድርጊ። ወደ ኋላ አዙሪ፣ በሌላው በኩል ሲነካ ሌላ ምልክት። የሁለቱ መሃል እውነተኛው ቲዲሲ ነው። በሞተሪኖ እንዳትሞክሪው፣ አዲሱን ፒስተን ትበሺዋለሽ። አራቱንም ካንዴላ ካወጣሽ በእጅ ይቀልሻል።

ቢኒ ተርቦ፦ ተርቦ ልጭንበት ነበር፣ በስንት ቡስት ስንት ዲግሪ ልቀንስ?

ጋሽ ካንዴላ፦ ተርቦ አልነካም። ሌላ ሰው ጠይቅ።

ቨርጂኒያ ሆንዳ፦ ወንድሞች እኔ እዚህ አሜሪካ 36 ዲግሪ ቶታል ነው የሚሉኝ ሁሉም፣ እናንተ 10 ምናምን ስትሉ ግራ ገባኝ።

ጋሽ ካንዴላ፦ 36 የድሮዎቹ የሼቭሮሌ ቪ8 ሰዎች ቁጥር ነው። ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ቫልቭ፣ ካንዴላው ጥግ ላይ፣ እሳቱ ሩቅ ይሄዳል። 4ኤ-ጂኢ ለአንድ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ነው፣ ካንዴላው መሃል ቁጭ ብሏል፣ ቶሎ ይነድዳል፣ ያነሰ ይበቃዋል። ደግሞ እኛ ያልነው 10 ቤዝ ነው፣ አንተ ያልከው አድቫንሱ ሁሉ ተደምሮ ቶታል ነው። ሁለቱን አታቀላቅል።

ቮልት፦ የቤንዚን መኪና እንዳይገባ በተከለከለበት ሀገር ሞተር ትሰራላችሁ 😂 ኤሌክትሪክ ግዙና ተገላገሉ

የሳሪስ ልጅ፦ መብራት ሲጠፋ በምን ትሄዳለህ?

ቮልት፦ አንተ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ስታድር እኔ ቤቴ ቻርጅ አድርጌ እተኛለሁ

ሜሪ 16ቫልቭ፦ ኧረ ወደ ጉዳያችን ተመለሱ በናታችሁ

አዲስ ጀማሪ፦ ሰላም፣ 4ኤ-ጂኢ ታይሚንግ ስንት ዲግሪ ነው?

ጋሽ ካንዴላ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የአዳማ ሹፌር፦ ጋሼ አዲስ አበባ ላይ 14 አድርጌው እንደ ጥይት ነው የሚሄደው፣ ምንም ድምፅ የለውም። ምን ችግር አለው?

ጋሽ ካንዴላ፦ ይሄንን ነው ስጠብቅ የነበረው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ በደንብ አይሞላም፣ ስለማይሞላ አይጨናነቅም፣ ስለዚህ ብዙ አድቫንስ ብትሰጠውም ዝም ይልሃል። እሱን ይዘህ ወደ መተሐራ ውረድ። እዚያ 1000 ሜትር እንኳ አትሞላም፣ ሙቀቱ አለ፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ አንተ ደግሞ መንገዱ ተመቸኝ ብለህ ረግጠሃል። የሬዲዮህ ድምፅ ኖኩን፣ ያንን ጭር ጭር፣ ይሸፍነዋል። እኔ ራሴ በልጅነቴ ያቃጠልኩት እንደዚህ ነው፣ 16 ላይ አስሬ ለአንድ ደንበኛ ሰጠሁት፣ እዚህ አመሰገነኝ፣ አዋሽ ሳይደርስ የሦስተኛው ፒስተን የሪንግ ቦታ ተሰበረ። በራሴ ኪስ ነው የሰራሁለት።

በሌላ ኢሲዩ የምትሰሩ ደግሞ ይሄን ስሙኝ፦ አዲስ አበባ ላይ ፉል ብትረግጡም ማፕ ሴንሰሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው) ከ76 ኪሎፓስካል ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ የኢሲዩው የታይሚንግ ሰንጠረዥ ላይ ከ80 እስከ 100 ያለው ክፍል በጭራሽ አልተነካም፣ ማንም አልሞከረውም ማለት ነው። ቆላ ስትወርዱ የመጀመሪያው ሙከራ እዚያው መንገድ ላይ ይሆናል። እነዚያን ቦታዎች ሆን ብላችሁ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀንሱ። የጀሪካን ቤንዚን ከሆነ የበለጠ ቀንሱ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ኦክቴኑ ይወርዳል።

የአዳማ ሹፌር፦ እሺ ጋሼ ወደ 10 እመልሳለሁ። ግን ወደ ኋላ ብናበዛውስ ምን ይሆናል?

ጋሽ ካንዴላ፦ እሳቱ ማርሚታ ውስጥ ይጨርሳል። ማኒፎልዱ ይቀላል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ጉልበት የለም። መድኃኒት አይደለም እሱም።

አዲስ ጀማሪ፦ አነበብኩት ጋሼ። የእኔ ግን ጭራሽ አይነሳም፣ በካርቡሬተሩ በኩል ይተፋል፣ ታይሚንጉ ስንት ይሁን?

ጋሽ ካንዴላ፦ 4ኤ-ጂኢ ላይ ካርቡሬተር ራስህ ገጥመህ ነው ወይስ ሌላ ሞተር ነው? ምን እንደገጠምክ ሳትጽፍ ምን ልበልህ። ለማንኛውም ዲስትሪቢዩተሩን ግማሽ ዙር አሳስተህ ያስገባህ ይመስለኛል። አንደኛው ካንዴላ ቀዳዳ ላይ ጣትህን አድርግ፣ አየሩ ሲገፋህ ያ ነው የኮምፕሬሽኑ ቲዲሲ፣ ሮተሩ ያኔ ወደ አንድ ቁጥር ገመድ ይመልከት። ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2። ሲነሳልህ ደግሞ ዲስትሪቢዩተሩን አንድ ዲግሪ ስታዞር ሞተሩ ላይ ሁለት እንደሆነ አትርሳ፣ በትንሹ ነካ።

የሳሪስ ልጅ፦ ጋሼ የካንዴላውን ብሎን አስበይጄ ሞከርኩት። ምልክቷ 7 ዲግሪ ሄዳለች። 10 ብዬ ያሰርኩት 17 ነበር ማለት ነው።

ጋሽ ካንዴላ፦ ቤንዚኑ አልነበረማ። አሁን በአዲሱ ምልክት 10 አድርገው፣ ካንዴላዎቹን አውጣና ሸክላው ላይ እንደ ብር አቧራ የሚያብረቀርቅ ነገር (ከፒስተኑ የተላጠ አልሙኒየም) እንዳለ በደንብ አይተህ ፎቶ ላክልኝ። እስከዚያ አትንዳው።