የነጣ ኮራል ሞቷል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅዳ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስንዋኝ ከውሃው ሥር ያለው ኮራል ነጭ ሆኖ አየሁ። ባሕሩ ስለሞቀ ነው ይሉኛል። ቀይ ባሕር መቼ ቀዝቅዞ ያውቃል? የነጣውስ በቃ ሞቷል?

መልስ፦ መንጣት ገና ሞት አይደለም። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ኮራሉም ከሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚያገኘው ከእነሱ ነው። ቡናማ መልኩም የእነሱ ነው። ውሃው ሲሞቅ አልጌዎቹ የሚደርሳቸውን ብርሃን መቋቋም ያቅታቸውና ሴል የሚጎዱ የኦክስጅን ውህዶች ያመነጫሉ። ያኔ ኮራሉ ያስወጣቸዋል። ሥጋው ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው የካልሲየም ካርቦኔት አጽም ወለል ብሎ ይታያል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት የላይኛው ጎን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነጣውም ለዚህ ነው።

ቀይ ባሕር ድሮም ሞቃት መሆኑ እውነት ነው፤ ኮራሉ ግን የኖረው ለለመደው ሙቀት ተስተካክሎ ነው። የመለኪያው መነሻ በአካባቢው እጅግ የሚሞቀው ወር አማካይ የውሃ ሙቀት ነው። ውሃው ከዚያ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ አደጋ አለ። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም ኖአ (NOAA) ብልጫውን በሳምንታቱ ቁጥር እያባዛ ያለፉትን 12 ሳምንታት ይደምራል፤ 2 ዲግሪ ለ2 ሳምንት 4 ይሆናል፣ ይህም ጉልህ መንጣት የሚጠበቅበት ልክ ነው። 8 ሲደርስ ብዙ ኮራል ሊሞት ይችላል። ከጅዳ በስተሰሜን ቱወል አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2015 እንዲህ ያለ መንጣት ደርሷል፤ በ2010 ይበልጥ የተጎዳው ለዳርቻው የቀረበውና ጥልቀት የሌለው ነበር።

ሕያው መሆኑን ለመለየት ሳይነኩ ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ገጹ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ስስ ሥጋና ትንንሽ ጣቶች ካዩበት በሕይወት አለ። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌዎቹ ተመልሰው ይራባሉ፤ ቀለሙ ለመመለስ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሙቀቱ ከቀጠለ በረሃብ ይሞታል። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ጸጉር መሳይ ነገር የወረሰው ክፍል አልቆለታል። ቅርንጫፋማዎቹ ቶሎ ይሸነፋሉ፤ ድቡልቡሎቹ በአብዛኛው ይበረታሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ነጭ ሁሉ የሙቀት ውጤት አይደለም። ኮራል የሚበላው ባለ እሾህ የባሕር ኮከብም ሥጋውን ግጦ ነጭ አጽም ይተዋል። የእሱ ቁስል ድንበሩ ጥርት ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንስሳው ራሱ አጠገቡ ተደብቆ ይገኛል። እሾሁ መርዛማ ስለሆነ እጅዎን አይስደዱ።